ቾክለት እና ሸካላት

ሩፈይዳ ቡናውን ከማንኪያው ላይ በድምፅ ማገችና ባልዲው ውስጥ ተፋች። «ሌሞን። ቾኮሌት» አለች ያገኘችውን ጣዕም በእንግሊዝኛ፣ አንዷንም ድምፅ ላለማስቀየም የተጠነቀቀች ይመስል።

«ችግርሽ እሱ ነው» አሉ የቅምሻ ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ሣህሉ። «ሁሉንም እኩል ታከብሪያለሽ። እንግሊዝ አንዱን ድምፅ ጫን፣ ጠበቅ ያደርግና የቀረውን ይውጠዋል። ቾክለት። ሜ፣ እስቲ ዋጥ አድርጊው።»

«መዋጥማ አልችልም ጋሼ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳልውጥ ነው ያስተማሩኝ።»

ጋሼ ሣህሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሷ ግን አልሳቀችም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የዱባዩ የቡና ውድድር ሰዎች ዳኛ ለመምረጥ በቪዲዮ ይደውሉላታል። አምናም ደውለው፣ አነጋገሯ አልገባ ብሏቸው አራት ጊዜ «ድገሚልን» ሲሏት በአምስተኛው ዝም ብላለች። በመቅመስ ጅማ ውስጥ የሚደርስባት የለም፤ ግን አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

«የመራጮቹ ሰብሳቢ ሩስያዊት ናት አሉ»  አለች። «እነሱስ ድምፅ ይውጣሉ?»

እርሻ የተማሩት ሩስያ ነውና የሽማግሌው ፊት በራ። «እነሱማ ሾኮላድ ብለው ይጽፉና ሸካላት ይላሉ። ያልጠበቀ 'ኦ' አፋቸው አይገባም። ከጠበቀው ድምፅ አጠገብ ያለውን 'ኣ' ያደርጉታል፤ ራቅ ያለውን 'ኧ'። እንግሊዝ ግን ጎረቤትም አይመርጥ፣ ብቻ ያደበዝዘዋል።»

ሸካላት፣ ቾክለት። ሁለቱን በአፏ አገላበጠቻቸው። ከዚያ ማንኪያውን አነሳች፣ ማገች፣ ተፋች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መዋጥ አይደለም። ምላስ ላይ ነካ አድርጎ መትፋት ነው። ሌመን። ቾክለት።»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አሉ ቀስ ብለው። እንዳይታዩ ወንበራቸውን ከላፕቶፑ ካሜራ ዞር አደረጉ።

ላፕቶፑ ጠራ። «ቢስሚላህ» ብላ ከፈተችው።

ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ፈገግታ የማታበዛ ሴት ነበረች። ሩፈይዳ ከፊቷ ካሉት ሲኒዎች አንዱን ቀመሰች፤ የቀመሰችውንም «ሌመን፣ ቾክለት» ብላ ሳትቸኩል ተናገረች። ሴትዮዋ አጎንብሳ ጻፈች። ሩፈይዳ «ድገሚልን» እስክትባል ማንኪያውን እንደያዘች ጠበቀች።

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ሌላስ?» አለቻት።

ሩፈይዳ ደስ ብሏት ሲኒውን ዳግም አነሳች። ስንት ዓመት ቀምሳ፣ ከዚያ ሌላ ምን እንዳገኘች የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«አለ» አለች ሲኒውን ወደ ስክሪኑ እያስጠጋች። «ገና ብዙ አለ።»