ለእንግዶች የተጎዘጎዘው

እንግዶቹ ያልተጎዘጎዘ ቤት አይተው ትርሲትን ቢንቁብኝስ? የልጅ ልጄ ንብ እንዲመጣላት ከጓሮ አደይና ዳማከሴ አብቅላለች፤ የግብርና ሰዎቹ ዛሬ አይተው ካልወደዱላት የንብ ማነቢያውን ቦታ አይሰጧትም። ዓይኔ ደክሟል፣ ምን ላግዛት? እሷ ልትቀበላቸው ስትወጣ ጎረቤቴን ለመንኳት።

«አልጣሽዬ፣ የሚጎዘጎዝ ነገር አጭደሽ አምጪልኝ።»

አምጥታ ጎዘጎዘችው።

«እማማ፣ የሠርግ ቤት አስመሰልኩልዎት!»

እውነትም ሽታው ደስ ይላል። ትርሲት ያመጣቻቸው እንግዶች ረግጠውት ገብተው ተቀመጡ።

«በይ እንግዲህ፣ አበባሽን አሳዪን» አለ አንደኛው።

ከእግሬ ሥር ንብ ጥዝዝ ሲል ሰማሁ።

«አልጣሽ፣ ከየት ነው ያጨድሽው?»

«ከጓሮዎት ነዋ! ሌላ የት አለ?»

ትርሲት ከቤት ወጣች።