ዘወር በሉ

ፊልሙ ቆመና ስክሪኑ ላይ «ከ16 ዓመት በላይ፤ የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ነቢላ ሪሞቱን እንደያዘች ቀረች። ባሏ ቴሌቪዥኑን የቆለፈው ለልጆቹ ብሎ ነበር፤ እሷ ቁጥሩን ስትጠይቀው ግን «ከአፍሽ ያመልጥሻል» ብሎ ስቆባት ነበር።

«ወዲህ በይው» አለች የባሏ እህት፣ ነደባ ከሚባለው ከፍ ያለ የመቀመጫ መደብ ላይ ሂና የሞቀ እጇን ዘርግታ። «ልጆች፣ ዘወር በሉ!»

ልጆቹ ስፌት ወደተሰቀለበት ግድግዳ ዞሩ። ነቢላ አልዞረችም። የሴትየዋ አውራ ጣት ምንም ሳያመነታ የመጀመሪያውን ቁጥር ተጫነ፤ ከዚያም ሁለተኛውን። ነቢላ ጣቱን በዓይኗ ተከተለች። በዚህ መሃል ትንሿ ልጇ ጭኗ ላይ ወጥታ በሁለት መዳፏ ዓይኖቿን ሸፈነችባት።

«ኡሚ፣ አትዪ!» አለቻት በሹክሹክታ። «አባ ለእኛ አልፈቀደም።»