መዳፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር

በድሪያ የጉድጓዱን ቁልፍ በጡጫዋ ጨብጣ፣ የቡልቡላ ውሃ ቢሮው ሰውዬ ልጇ ያዘጋጀችውን ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ አፍጥጣ አየችው። የበድሪያ አባት ካስቆፈረው ጉድጓድ የተወሰደውን የውሃ ልኬት ልጇ አዳማ ሆና በላፕቶፕ አስልታ «ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ከልክ ያለፈ ነው፣ ይዘጋ» ብላለች። በድሪያም «ያንቺ ማሽን ያንቺን አፍ ነው የሚናገረው፤ የማያውቅሽ ማሽን ይንገረኝ» ብላ ልጇን ደጅ አስቀምጣ ገባች።

«ከራስህ ምን ትጨምርበታለህ?» አለችው።

«ምንም፣ እማ። ልኬቱም የስሌቱ ቅደም ተከተልም አንድ ሳይቀር እዚህ ፍላሽ ላይ አለ። የተጻፈው ደግሞ ማንኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው የጋራ ደንብ ነው። የኔ ሥራ ማስጀመር ብቻ ነው።»

«እኔም ለጎረቤቴ የበርበሬዬን አሠራር ነግሬያታለሁ። እንደኔ አልወጣላትም።»

«ምንም ሳያስቀሩ ነግረዋታል?»

በድሪያ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች። ስትስቅ ቡናማ ጥርሷን የምትሸፍነው እንደዚያ ነበር።

አሮጌው ኮምፒውተር ሲያጓራ ቆይቶ ቁጥር አወጣ። እሷም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑራ መዳፏን ዘረጋች። ማንበብ ስለማትችል፣ መልኩን እንድታመሳክር ልጇ ያገኘችውን ቁጥር መዳፏ ላይ በሂና አስጽፋው ነበር። መዳፏን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ከመጀመሪያው ቅርጽ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ አየች። አንዱም አልተለየም። መዳፏን ሰብስባ ወደ በሩ ዞረች።

«ቁልፍዎን ረሱ እኮ፣ እማ» አላት ሰውዬው።

በድሪያ ሻሿን ከአፏ ላይ አወረደች።

«አልረሳሁም፤ አንተ ዝጋው» አለች ጥርሷን እያሳየችው። «እኔ ይሄን ቁጥር ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ውስጥ ይዤው ነው የኖርኩት።»