የተሰጣው አንሶላ

ባለቤቴ ቁርስ ላይ ተነስታ ቆመችና የእንግዳ ማረፊያችን የአንድ ሌሊት ኪራይ በድጋሚ መቀነሱን አስታወቀች። የሰማናት እኔና ድመቱ ነን። ዋጋ የምትቆርጠው ከአጥር ማዶ የታናሽ እህቷን የልብስ ገመድ አይታ ነው፤ አንሶላ ከበዛ እዚያ እንግዳ በዝቷል ማለት ነው። ዛሬም ገመዱ ሞልቷል። ቆሽቷ እያረረ ወደ እህቷ ግቢ ይዛኝ ሄደች።

“አንቺ፣ ይህን ሁሉ እንግዳ ከየት ነው የምታመጪው?”

“እውነቱን ልንገርሽ እትዬ? ቤቱ ለኪራይ ከቀረበ ወዲህ አንድም ሰው አልገባበትም። ንጹሑን አንሶላ እያጠብኩ የማሰጣው አንቺን ለማሳረር ነው።”

ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። “ባዶ ነው በይኛ።”

“ቁልፉ ይኸው፣ ከፍተሽ እዪው።”

ባለቤቴ ከእንግዳ ቤቱ በር ውጪ እንደተቆለፈ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር ስትይዝ፣ ከውስጥ አንድ ትሁት ድምፅ “ይቅርታ፣ ዛሬም እናድራለን” አለ።