ወደ ቤት የዞረ ጫማ

የቴቤክ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ የአደጋ ሳይረን ያለሰዓቱ ሲጮህ አማትየዋ በሩን በርግደው ወጡ። ደጃፉ ላይ ጉድጓድ የወረደው የልጃቸውም፣ ከዓመታት በፊት ጉድጓዱ የበላው የባላቸውም የቤት የጎማ ጫማ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሯል።

«ማነው ያዞረው?»

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ከዓሣ አጥማጆች መንደር የመጣችው የልጃቸው ሙሽራ። «ሲወጣ እንዲመቸው ብዬ።»

«ወይ ጉዴ! ቆፋሪ በሰላም እንዲመለስ ጫማው ወደ ቤት ነው የሚዞረው! ይህን እንኳ የሚነግርሽ ጠፋ?» ተንበርክከው የልጃቸውን ጫማ አዞሩና እንደጨበጡት ቀሩ።

በአዲሶቹ የሠራተኛ ቤቶች መሀል ፊቱ በከሰል ጠቁሮ ጥርሱ ብቻ የነጣ ሰው ብቅ አለ። «እማዬ፣ ሁላችንም ወጥተናል!»

«ታዲያ እስካሁን ምን ጎለተህ?» በጫማው ትከሻውን መቱት፤ ከዚያ አቅፈውት አለቀሱ።

ሙሽራይቱ የሟቹንም ጫማ ልታዞር ጎንበስ አለች።

«ተይው» አሏት እንባቸውን እየጠረጉ። «ስንት ዓመት ወደ ቤት አዙሬ ጠበቅኩት። እሱስ ይሂድ፣ ይረፍ።»