የወስፌው ቦታ

ሱሩር እጁን እስከ ክርኑ ከእስካቫተሯ ሆድ ውስጥ ከትቶ ማኒፎልዱን ፈልቅቆ ያወጣዋል፤ ዘይቱ ወደየክፍሏ የሚከፋፈልበትን፣ ጡብ የሚያክል ብረት። ክንዷ ሽቅብ እንደተዘረጋ፣ ልክ በእናቱ በመኪያ ቤት ጣራ አናት ላይ ደርቆ ቀርቷል።

«ማሽኗ ዱዓ ላይ ናት፣ አትረብሿት» ይላል አንድ ጎረቤት፣ የተነቀለ በር ላይ ተቀምጦ። የእሱ ቤት ጠዋት ፈርሷል። የተረፈው በሩና ቀልዱ ነው።

ኦፕሬተሩ ሞቲ አጠገቡ ቆሞ የገዛ ጫማውን ያያል። ሲደውል «ማሽኗ ቆማብኛለች፣ ድረስልኝ» ብሎ ነበር። ሱሩር የት ሰፈር እንደሆነ ሲጠይቀው «ቦታውን ታውቀዋለህ» አለና ዘጋ። እውነቱን ነው፤ ሱሩር የተወለደው እዚያው ነው። ቤቱ ሕገ ወጥ ከተባለ እሱም ሕገ ወጥ ሳይሆን አይቀርም።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ፈልጌ አጥቼ እኮ ነው» ይላል ሞቲ።

«መብራት ያዝልኝ።»

ሞቲ በስልኩ ያበራለታል። ሱሩር ጥፋቱን ወዲያው ያገኘዋል፦ ከምስር ክክ የማትበልጥ የጎሚኒ፣ የጎማ ማሸጊያ ፍርፋሪ ጠባቧ ቀዳዳ ውስጥ ተወትፋለች። በቀጭን ሽቦ ብትነካ ትወጣለች። የእናቱን ቤት አሁን ደግፋ የያዘችው ይቺ ፍርፋሪ ናት።

አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰው ተቆጣጣሪ ይመጣል። «እሺ ጌታው፣ ትሠራለች አትሠራም? ካልሆነ ነገ ጠዋት ከሰበታ ሌላ ማሽን አስመጣለሁ።»

ነገ ጠዋት። ሱሩር ወደ ቤቱ ዞር ይላል። ፍራሹም፣ ድስቱም፣ ቁምሳጥኑም ደጅ ወጥተዋል። እናቱ ባዶውን ቤት እየጠረገች ነው።

«ተደፍኗል» ይላል። «ቀጭን ሽቦ ይፈልጋል። የለኝም።»

«በቡራዩ አንደኛ ያልከኝ ይኼን ነው?» ይላል ተቆጣጣሪው ለሞቲ፣ ሱሩር እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ሽቦ የሌለው መካኒክ። መርፌ ረስቶ የመጣ ሐኪም በለኛ።»

ጎረቤቱ እንኳን አይስቅም። የመኪያ መጥረጊያ ድምፅ ይቋረጣል።

ስትወጣ ወስፌዋን ይዛለች፤ ሰፌድ በመስፋት ብዛት ጫፉ እንደ ጸጉር የቀጠነ። ልጇ ፊት ትቆማለች። ከደረት ኪሱ የመዳብ ሽቦ ብቅ ብሏል። ማንም ሳያይባት ባውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች።

«እማ፣ ተይ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ሌሊት እንኳን እደሪበት።»

«ሳይተኙ የሚነጋ ሌሊት ምን ያደርግልኛል?» ወስፌውን መዳፉ ላይ ታስቀምጣለች። «ይልቅ ሱሩር አቃተው እንዳይሉህ።»

ብረት ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ቀዳዳውን ይቧጭራል፤ ይኼን ለስንቱ ተናግሯል። ቢሆንም ከዓይን ጉድፍ እንደሚያወጣ ሰው ቀስ አድርጎ ይነካታል። ፍርፋሪዋ ጣቱ ላይ ትወድቃለች።

ማኒፎልዱን መልሶ ይገጥመዋል። ሞቲ ወደ መቀመጫው ይወጣል። ሞተሩ ይነሳል፣ የማሽኗ ክንድ ተርገፍግፎ ትንሽ ዝቅ ይልና ይቆማል።

«ሠራች» ይላል ሞቲ፣ መርዶ እንደሚያረዳ። ከዚያ ለመኪያ፦ «አዴ፣ እንግዲህ ራቅ ይበሉልን።»

«ቆየኝ፣ አንዴ።»

ወስፌውን ከልጇ እጅ ትቀበላለች። ዘይቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ወደ ባዶው ቤት ትገባለች። ሞቲ ሞተሩን ያጠፋል።

ሱሩር በሩ በተነቀለበት ክፍት በኩል ያያታል። መቃኑ አጠገብ፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ወስፌዋን የምትሰካበት ስንጥቅ አለ። እዚያው ትሰካዋለች። እንዳይወድቅ፣ ደግማ ጫን ታደርገዋለች።