በቀጠሮ የተለጠፈ

በዛወርቅ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ህሊና ጆሮ ጠጋ አለች። «እናትሽ... እዚህ ላይ ወጥተዋል» አለችና ስልኩን ዘረጋችላት።

የህሊና እናት ሣልስት ነው። ከሞላሌና ከዙሪያዋ የመጣው ለቀስተኛ ድንኳኑ ውስጥ በየአግዳሚው ተደርድሯል፤ ንፍሮ ይዞራል። በዛወርቅ መሐል ሜዳ ከተማ ከህሊና ጋር የምታስተምር ባልደረባዋ ናት፤ ለማጽናናት በጠዋቱ ሚኒባስ የደረሰች።

ህሊና ስልኩን ተቀብላ አየች። እናቷ ጥሩሸዋ እንዝርቷን ይዛ ፈገግ ብላለች። ከፎቶው በላይ እንዲህ ይላል፦ «ደንበኞቼ እንደምን አደራችሁ! ዛሬም በማለዳ ተነሥቼ ለእናንተ እየፈተልኩ ነው። የመንዝ ባና ብርድ ልብሴን አሁኑኑ ይዘዙ!» የወጣው ገና አሁን፣ ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው ሲቀመጡ ነው።

እማዬ በዕድሜዋ «ደንበኞቼ» ብላ አታውቅም። ይህ የማን አፍ እንደሆነ ለማወቅ ህሊና ሁለተኛ ማንበብ አላስፈለጋትም።

ታናሽ ወንድሟ እምሩ ድንኳኑ በር ላይ ቆሟል፤ ኔትወርክ የሚሻለው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጆች የተሰጠ ስልጠና ከወሰደ ወዲህ እንደ ሰው ማውራት ትቷል። ቢዝነስ ካርዱ «ብሎገርና የዲጂታል ማርኬቲንግ ባለሙያ» ይላል። በግ ሸልቶ አያውቅ፣ እንዝርት አሹሮ አያውቅ፣ «የጥሩሸዋ ባና» የሚል የፌስቡክ ገጽ ከፍቶ የእናቱን ጣት ይሸጣል። ያን ፎቶ ሲያነሳት ህሊና ነበረች። ለፋሲካ የገዛችላትን ሹራብ አስወልቆ ያረጀ ነጠላ አስለበሳት። «ደሃ ስትመስል ሰው ያዝናል፣ ሰው ሲያዝን ይገዛል» አለ። እናቱ፣ ልጄ ደስ ይበለው ብላ ሳቀችለት።

«ና እስቲ» አለችው ህሊና። ከድንኳኑ ጀርባ፣ የድንጋይ ካቡ ጥግ ወስዳ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቀነችበት። «ይሄ ምንድን ነው?»

እምሩ ፊቱ አመድ መሰለ። «በእመቤቴ፣ እታለም፣ እኔ አልለጠፍኩትም። ፌስቡኩ ራሱ ነው ያወጣው። የወሩን ሁሉ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አስገባለሁ፤ ቀንና ሰዓት እሰጠዋለሁ፤ እሱ ቀኑን ጠብቆ ይለጥፋል። ብዙ ሰው እንዲያየው ደግሞ ማስታወቂያ ተከፍሎበታል።»

«እማዬ መሞቷን አልነገርከውማ።»

«መሣሪያ ነው እኮ! ምኑን ያውቃል?»

«እሱስ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ። አጥፋው።»

የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ገጹን ከፈተ። አውራ ጣቱ መስታወቱ ላይ ደርሶ ቆመ። ህሊና ጠበቀች። ሐዘኑ የውሸት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ በቀብሩ ለት ጉድጓድ ውስጥ ካልገባሁ ሲል ሦስት ጎረምሳ ነው የያዘው። አሁን ግን ያበጠው ዓይኑ የተመልካቹ ቁጥር ላይ ተተክሏል። ቁጥሩ እያዩት ይጨምራል።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«አይ... ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ታይቶ አያውቅም» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው። «እታለም፣ አትቆጪ፣ ስሚኝ ብቻ። ከምናጠፋው ጽሑፉን ብናስተካክለውስ? ‹የምታዩዋት እናታችን አርፋለች፤ እጇ ያረፈባቸው የመጨረሻ ባናዎች ጥቂት ቀርተዋል› ብንል... ውሸት አይደለም። ለእሷም መታሰቢያ ነው።»

ህሊና እጇ ተነሥቶ ነበር። መልሳ ሰበሰበችው። የእናቷ ልጅ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ፣ ለጥፊ እንኳ የማይበቃ ሆኖ ታያት።

«ስልኩን አምጣ» አለችው።

«እታለም...»

«አምጣ አልኩህ!»

ከእጁ ላይ ነጠቀችው። ወዲያው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ትዕዛዙ በድንኳኑ ጥግ ብቅ አሉ። «እምሩ፣ ልጄ፣ የሩቅ አገር ሰው ሊሰናበት ተነሥቷል። የወንድ ልጅ ቦታ ባዶ ሆኖ ሲታይ ነውር ነው፤ ና» አሉ። እምሩ ስልኩን አየ፣ እሳቸውን አየ። «ብቻ እንዳታጠፊው» ብሎ እያንሾካሾከ ተከተላቸው። በሩ ጋ ሲደርስ ጮሆ ማልቀሱ ተሰማ።

ህሊና ካቡን ተደግፋ ማጥፊያውን ፈለገች። አጣችው። ጣቷ ሲባዝን ከፎቶው ሥር ሰው የጻፈው ተዘረገፈ። «ሺህ ዓመት ይኑሩልን እናታችን።» «ዋጋ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።» «ዕድሜና ጤና ይስጥልን።» «ግራጫ ቀለም አለ?» «እጅዎ ይባረክ።» ሁሉም የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። የሞተችን ሴት ዕድሜ ይመርቃሉ፣ ቀለም ያማርጣሉ።

ከመሃላቸው አንዱ ግን ዋጋም አልጠየቀ፣ አልመረቀም። «እማማ፣ ከስተዋል። ደህና ነዎት?» ይላል።

ደጋግማ አነበበችው። እምሩ ያን ፎቶ ስንት ቀን ሲያሳምር ከርሟል። እሷም ራሷ አይታዋለች። እውነትም የእማዬ ጉንጭ ገብቷል።

ሳታስበው ጣቷ ጻፈ፦ «ደህና አይደለችም። ከትናንት በስቲያ አርፋለች።»

ከጽሑፉ ጎን የእናቷ ክብ ፎቶና «የጥሩሸዋ ባና» የሚለው ስም ወጣ፤ ከእምሩ ስልክ የሚጻፍ ሁሉ በገጹ ስም ነው የሚወጣው። ጥሩሸዋ ፈገግ እንዳለች ሞቷን ራሷ ያረዳች መሰለች።

ድንኳኑ ውስጥ «ነፍስ ይማር» ይባላል። ስልኩ ህሊና መዳፍ ላይ ነዘረ፤ ጎንበስ ብላ አየች። አንድ ሰው መርዶውን ላይክ አድርጓል።